ዘጠነኛው ትምህርት

«አንድ ጎሚስታ ነበረ» አሉ ሽማግሌው።

እንዲህ ብለው የጀመሩለት ለአንድ ወጣት አባት ነው። ወጣቱ የአራት ዓመት ልጁን ከቀበረ ሁለት ወር ሆኖታል። እሳቸው ዘንድ መጥቶ ያወጣው ነገር አንድ ብቻ ነበር። «አባባ፣ ከሥራ ስገባ በር ላይ ሆኜ ልጄን የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። ዛሬ ምን በላህ፣ ከማን ጋር ተጣላህ እለው ነበር። አሁንም በሩ ጋ ስደርስ አፌ ላይ ይመጣል። ምን ላድርገው?» ሽማግሌው ይህን አድርግ፣ ያንን ተው አላሉትም። የጎሚስታውን ነገር ነገሩት።

ጎሚስታው በአንዲት ትንሽ ከተማ መውጫ ላይ፣ ከባድ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ይሠራ ነበር። ሚስቱ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ በዚያው ቀርታለች። ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ትርሲት ትባላለች፤ አሥረኛ ክፍል ነበረች።

እሷ በምትማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ መምህር ነበሩ። በልጅነታቸው ኩባ ተልከው እዚያ ያደጉ ሰው ናቸው። ሥራቸው ሒሳብ ማስተማር ነው። ነገር ግን በዚያ ከተማ ስፓኒሽ የሚያወራቸው ሰው አጡ፤ ያደጉበት ቋንቋ ናፈቃቸው። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለፈለገ ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ያስተምሩት ነበር። መጽሐፉን በእጃቸው ጽፈው ያባዙት እሳቸው ናቸው፤ ለሁለት ተማሪ አንድ ይደርሳል። አስተማማራቸውም የራሳቸው ነበር። ከዴስኩ በግራ የተቀመጠው ይጠይቃል፣ በቀኝ የተቀመጠው ይመልሳል። የግራው ጥያቄውን ብቻ በቃሉ ይይዛል፣ የቀኙ መልሱን ብቻ። ዓመቱን ሙሉ አይቀያየሩም። እሳቸው በዚህ መንገድ ተምረውት ነበርና ሌላ መንገድ ያለ አልመሰላቸውም።

ትርሲት በቀኝ ነበረች፤ መላሽ።

ቤት ስትመጣ ታዲያ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋት ነበር። አባቷ የፈረንጅ ፊደል እምብዛም አያነብም። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ በአማርኛ ፊደል በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ጻፈችለትና ከኮምፕሬሰሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችለት። እሱ የተነፈሰውን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እየፈለገ ያነብላታል። «ኮሞ ቴ ያማስ?» ይላል፤ ስምሽ ማን ነው ማለት ነው። እሷ ከተደራረቡት አሮጌ ጎማዎች ላይ ቁጭ ብላ ትመልሳለች። ሲያበላሸው ትስቅበታለች። አንድ ቀን በኩባዎቹ ቋንቋም ጎማ ጎማ፣ ፍሬን ደግሞ ፍሬኖ እንደሚባል ስትነግረው፣ «እንግዲያ እኔ ስችለው ነው የኖርኩት፤ ገና የጀመርሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ኮራባት።

እንዲህ እያሉ እስከ ስምንተኛው ትምህርት ደረሱ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ እሱ አንዱን አብልጦ ይወድ ነበር። ከማን ጋር ትኖሪያለሽ የሚለውን ነው። እሱን ሲጠይቃት «ቪቮ ኮን ሚ ፓድሬ» ትለዋለች፤ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። ይህን ለመስማት ሲል ተራው ሳይደርስ ሌሎቹን ዘሎ ይጠይቃታል። እሷም ትነቃበታለች። «አባዬ፣ በተራ እንጂ» ትለዋለች።

በጥር ወር ታመመች። ሦስት ሳምንት ተኛች። ከዚያ ሞተች።

ድንኳኑ ተነሣ፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄደ፣ ጎሚስታውም ሥራውን ከፈተ። ወረቀቱን ግን አላነሳም። ዘመድም ጎረቤትም፣ አንሳው፣ ባየኸው ቁጥር ያቃጥልሃል አሉት። እሺ ይላቸዋል፤ አያነሳውም። ጎማ ሲነክር አፉ በልማድ ይጠይቃል። ጠይቆ ደግሞ መልሱ ይወስድ የነበረውን ጊዜ ያህል ዝም ይላል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያልፋል።

አንድ ቀን ጎማ ሊያስጠግን የቆመ ሹፌር ይህን ሰምቶ ለጓደኛው፣ «ሰውየው ከጎማው ጋር ጣሊያንኛ ጀምሯል። ጎማው ግን ኮራበት መሰለኝ፣ አይመልስለትም» አለው። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች በጆሮው ሲነግሩት ሹፌሩ በጣም ደነገጠ። ሄዶ የጎሚስታውን እጅ ይዞ፣ ይቅር በለኝ፣ አላወቅሁም አለው።

ጎሚስታው አልተቀየመም። «እውነትህን ነው፤ አይመልስም» አለው።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። መልሱን አንድ ጊዜ መስማት፣ ሌላ ምንም። ጥያቄው ሁሉ እሱ ጋ ቀርቷል፤ መልሱን ይዛው የሄደች መሰለው።

አንድ ማክሰኞ ሥራውን በጊዜ ዘግቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ለሁለት የደረሳቸው መጽሐፍ እሷ ጋ፣ ቤት ቀርቶ ስለነበረ በካፖርቱ ውስጥ ያዘው። ወደ ክፍሉ ግን አልገባም። ከኋላ ዞሮ መስኮቱ ሥር ቆመ። ግራዎቹ በአንድ ድምፅ ጠየቁ፣ ቀኞቹ በአንድ ድምፅ መለሱ። ዓይኑን ጨፍኖ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል የእሷ ይገባበት የነበረውን ቦታ ፈለገ። አላገኘውም። ሐሙስም መጣ። በሚቀጥለው ማክሰኞም መጣ።

በሦስተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ጥበቃ አየውና፣ ጋሼ፣ እዚህ ምን ፈልገው ነው አለው። ጎሚስታው በካፖርቱ ውስጥ የያዘውን የልጁን መጽሐፍ ሊመልስ እንደመጣ ነገረው። ጥበቃውም ሊረዳው ብሎ ክንዱን ይዞ በበሩ በኩል አስገባው።

ተማሪው ሁሉ ብድግ አለ። መምህሩም ማን እንደሆነ አወቁ። ጎሚስታው መጽሐፉን የሚያኖርበት ሲፈልግ በሦስተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማ አየ። በቀኟ ያለው ቦታ ባዶ ነው። የትርሲት ጠያቂ እሷ ነበረች። መምህሩ ከሌሎች ጋር ሊያስቀምጧት ቢሞክሩ እንቢ ብላለች። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መላሽ፣ ባዶውን ቦታ ስትጠይቅ ነው የከረመችው። ጎሚስታው ይህን አያውቅም ነበር። ጥያቄ ይዞ የቀረው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ወደ እሷ ሄደ። መጽሐፉን ዴስኩ ላይ አኖረ። ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ግን ባዶው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷም ተቀመጠች። ጥቂት አየችውና ቀስ ብላ «ኮሞ ቴ ያማስ?» አለችው።

«ሜ ያሞ ትርሲት» አለ። ስሜ ትርሲት ነው።

ዕድሜውን ጠየቀችው፤ አሥራ ስድስት አለ። ጢሙ ሸበት ያለ ሰው አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ሲል ከዚያ ሁሉ ተማሪ አንድም የሳቀ የለም። ከማን ጋር እንደሚኖር ጠየቀችው። ከአባቴ ጋር እኖራለሁ አላት። ይህን ሁሉ የሚለው እንደ እሷ ቶሎ ቶሎ ብሎ፣ መጨረሻው ላይም እንደ እሷ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። መልስ ማንም አስተምሮት አያውቅም። ሰምቷት ነበር እንጂ። ለካ መልሱም ሁሉ እሱ ዘንድ ነበረ።

ልጅቷ ሳታቆም ቀጠለች። ክፍሉ ያን ጊዜ ዘጠነኛው ትምህርት ላይ ደርሷል። «ኬ ኪዬሬስ?» አለችው። ምን ትፈልጊያለሽ ማለት ነው።

መልሱን ውስጡ ፈለገ፤ የለም።

«ይኼን አልደረስንበትም» አላት በአማርኛ።

ያን ጊዜ አለቀሰ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። በቃህ ያለው ሰው አልነበረም። ሲወጣለት ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ልጅቷን አያት። ዓመቱን ሙሉ ስትጠይቅ የከረመች፣ እሷን ግን አንድም ሰው ምንም ያልጠየቃት ልጅ ናት። ከአፏ የሰማውን መልሶ፣ እየተኮላተፈ፣ «ኬ ኪዬሬስ?» አላት።

ልጅቷ ደነገጠች። የግራ ናት፤ መልስ አልተማረችም። መምህሩን አየች፤ እሳቸውም ይህ ይመጣል ብለው አላሰቡትም ነበር። ግማሹን በስፓኒሽ፣ ግማሹን በአማርኛ አድርጋ እንደምንም መለሰች። ትልቅ የጭነት መኪና መንዳት እንደምትፈልግ ተናገረች። ክፍሉ ሳቀ።

ጎሚስታው አልሳቀም። «ባለ ተሳቢውን ነው ወይስ ያለ ተሳቢ?» አላት።

«ባለ ተሳቢውን» አለች።

ከጥር ወዲህ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። ስለ መኪናው ሌላም ጠየቃት፤ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ጠየቃት። መምህሩ በሚቀጥለው ሐሙስ ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አስቀመጡ።

ሽማግሌው እዚህ ሲደርሱ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጎሚስታው አንተ ነህ። የልጅህ መልስ አብሮት የሄደ መስሎሃል። አልሄደም። በሩ ላይ ቆመህ ስንት ቀን ሰምተኸዋል፤ አንተ ዘንድ ነው ያለው። ሲናፍቅህ እንደ እሱ አድርገህ ለራስህ በለው። የሚያፍርብህ ይፈር። ነገር ግን ልጅህ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ነው የመለሰልህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብትጠይቀው ዝም ይልሃል፤ ጨክኖብህ አይደለም፣ አልደረሰበትም። ጥያቄህን ደግሞ አትዋጠው። ጥያቄ ይዘህ በሩ ላይ የቀረኸው አንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ሚስትህ ቤት አለች። ሁለት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ አይዞሽ ብሏታል። ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።»

ወጣቱ ለመሄድ ተነሣ።

«ምን እንደምትለኝ አላውቅም» አለ።

«እኔም አላውቅም» አሉት ሽማግሌው። «ሂድና ጠይቃት።»