ጋማውን ያጠቆረው ዝንጀሮ

አንድ ጊዜ፣ የሰማሁትን ሳላዛባ ይዤው ከሆነ፣ በቆላ አገር በአንድ ትልቅ ገደል ላይ ሸንቁጥ የሚባል የዝንጀሮ አለቃ ይኖር ነበር። የመንጋውን ቁጥር ሰማንያ ልበለው እንጂ መቶም ሊሆን ይችላል፤ ወንዙ ከገደሉ በስተ ምሥራቅ ይሁን በስተ ምዕራብ ደግሞ ለመማል አልደፍርም። ስለ ጋማው ግን ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ገደሉ ቀጥ ያለ ነበር። ከላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ወንዙን እንደ ክር ያየዋል፤ ከታች ሆኖ ሽቅብ የተመለከተ አንገቱ እስኪዝል ቢያንጋጥጥም ጫፉን አያገኘውም። መንጋው በገደሉ ላይ ያድራል፣ ቀን ቀን ውኃ ሊጠጣ ይወርዳል። መንገዱ ከግማሽ በታች ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ ውኃው ይወስዳል። ግራው ግን መግቢያ እንጂ መውጫ ወደሌለው ወደ አያ ጅቦ ሸለቆ ያገባል።

ስለዚህ መንጋው አንድ ጥብቅ ሥርዓት ነበረው፤ በመውረጃው ላይ ማንም ድምፅ አያሰማም። በዚያ ገደል ውስጥ የጮኸ ድምፅ ከአራቱም አቅጣጫ ስለሚመለስ፣ ጯሂው የት እንዳለ አይታወቅም። አለቃው ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው እያየ ይከተላል። ሸንቁጥ መንጋውን አምስት በጋ መርቷል፤ በአምስቱም በጋ አንድ ግልገል አልጠፋበትም። ከፊት የሚሄድ ከኋላው ያለውን አያይምና፣ ምኑን አይተው እንደሚከተሉት ጠይቆ አያውቅም። «ጉልበቴን ነው» ይል ነበር በልቡ።

በስድስተኛው በጋ ዝናብ ቀረ። ሲፈስ ይኖር የነበረው ወንዝ ደርቆ የረጋ ኩሬ ሆነ። አንድ ረፋድ ሸንቁጥ ሊጠጣ ጎንበስ ቢል ከውኃው ውስጥ አባቱ አየው።

ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ። ቀስ ብሎ ተመልሶ ሲያይ አባቱ አልነበረም፤ ራሱ ነበር። ከጉንጩ እስከ ትከሻው ያለው ጋማ እንደተባዘተ ጥጥ ነጥቷል። የሚፈስ ውኃ ፊት አያሳይምና እስከዚያች ቀን ድረስ አላወቀም ነበር። ትከሻው ላይ የሚያየውን ነጭ ነገር እንኳ አቧራ ነው ብሎ ሲያራግፈው ኖሯል።

አንዳርጌ የሚባል፣ ክንዱ የፈረጠመ፣ ጋማው ግን ገና ያልበቀለለት ጎረምሳ ከኋላው ቆሞ ኖሯል።

«ጋሼ ሸንቁጥ፣» አለ፣ «ወፍጮ ቤት ገብተው ነበር እንዴ? ዱቄቱ እኮ አልተራገፈም።»

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሸንቁጥ ጥርሱን አሳይቶ ዝም አሰኛቸው፤ ሳቁ ግን ከጆሮው አልወጣም። ያረጀ አለቃ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ሚስቶቹንም ቦታውንም ተነጥቆ፣ ከመንጋው ዳር ብቻውን ተቀምጦ ሌሎች የተዉትን ሥር ይምሳል። አባቱ የሞተው እንዲህ ነበር።

እሜቴ ቀበሮ ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ሰምታለች። ጎረምሶቹ ሲበተኑ ጅራቷን በእግሮቿ ላይ ጠቅልላ ፊቱ ተቀመጠች።

«እንዴት አረፈዱ ጌታዬ? የዛሬ ልጅ አፉ መዝጊያ የለውም።»

«ምን ፈለግሽ?»

«እኔማ ምን እፈልጋለሁ፣ አዝኜ ነው እንጂ። አያ አንበሶን አያዩትም? እሱ ሲጎለምስ ጋማው ይጠቁራል። ጥቁር ጋማ ባለው ላይ ማን ይስቃል?»

ነገሩ እውነት ስለነበር ሸንቁጥን ወጋው። «እኔ አንበሳ አይደለሁም» አለ።

«ለመምሰል ምን ይጎድልዎታል? ጥላሸት፣ ሞራ፣ ትንሽ የግራር ቅርፊት። እኔ ለውሼ አመጣልዎታለሁ፤ በየስምንት ቀኑ መቀባት ብቻ ነው። ለወዳጅነት ነው ታዲያ፣ ምንም አልጠይቅም።»

ምንም የማትጠይቅ ቀበሮ ልታስጠረጥረው ይገባ ነበር። ሊሰማ የሚመኘውን የሰማ ጆሮ ግን ሌላ ነገር አይገባውም። በማግስቱ ቀበሮ በቅል ስባሪ ለውሳ ያመጣችውን ከጉንጩ እስከ ትከሻው ቀባችው። ሸንቁጥ ኩሬው ውስጥ ሲያይ አባቱ ጠፍቶ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ ጎልማሳ ቆሟል። ደረቱን ነፍቶ ወደ መንጋው ተመለሰ። ጎረምሶቹ አፋቸውን ያዙ። ማንም አልሳቀም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚስቶቹ ታላቅ ደብሪቱ እንደ ልማዷ ጋማውን ልትለቅምለት አጠገቡ ተቀመጠች። ጥቂት ፈታትሻ እጇን ስታነሳ አሥሩም ጣቶቿ ጠቁረዋል። ያቀፈችው ግልገልም የአባቱን ጋማ ሲልስ ኖሮ፣ አፉ ዙሪያ ጠቁሮ ድስት የላሰ መስሏል።

«አንተ ሸንቁጥ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይሄ ምንድን ነው? ጥላሸት ጥላሸት ትሸታለህ።»

«የጎልማሳ ሽታ ነው።»

«የምድጃ ሽታ ነው እንጂ! ቅማሉ እንኳ መያዣ አጥቶ እየተንሸራተተ ነው።»

«ተይኝ ደብሪቱ።»

«እተውሃለሁ። ግን አንድ ነገር ስማኝ፤ እኛ ከኋላህ ስንሆን . . .»

«ተይኝ አልኩሽ!»

ደብሪቱ ጣቶቿን በድንጋይ ላይ ጠርጋ ዝም አለች። አለቃ ሲቆጣ ዝም ይባላል፤ ያም የመንጋው ሥርዓት ነው።

በጋው እየከፋ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ መንጋው ወደ ውኃው ሲወርድ፣ ግማሽ መንገድ ላይ እንደደረሰ ነፋሱ በድንገት ቆመ። ወፎች ዝም አሉ። ሸንቁጥ ቀና ሲል ከምድር ተነሥቶ ሰማይ የነካ ቀይ ግድግዳ አየ። ግድግዳው ይራመድ ነበር። ተራሮቹን አንድ በአንድ ዋጠ፤ ቀጥሎ ፀሐይን ዋጠ፤ ከዚያ በላያቸው ላይ መጣ።

ሸንቁጥ አልፈራም። መንገዱን እግሩ ያውቀዋል። እንደ ወትሮው ከፊት ሆኖ፣ መንታው ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ፣ አቧራውን በግንባሩ እየገፋ ኩሬው ዳር ደረሰ። ከዚያ ዞር አለ።

ከኋላው ማንም አልነበረም።

ጥቂት ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ሥርዓቱን ጥሶ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ። ገደሉ ድምፁን ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ፣ ከኋላ መልሶ ወረወረው። ከአቧራው ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ሲንቀሳቀስ አየና ልቡ ዘለለ።

«የአጎቴ ልጅ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለ ወፍራም ድምፅ። አያ ጅቦ ነበር። ዓይኑ በአቧራ ተሞልቶ፣ አፍንጫውን ብቻ አስቀድሞ ይመጣል። «ምን ያለ ሞራ በልተህ ነው! ሽታው እዚያ ድረስ መጣብኝ። ምነው ለእኔ ብታስተርፍ?»

ጅቡ በሞራው ሽታ ዘመዱ መስሎት እንደሆነ ሸንቁጥ ገባው። ድምፁን አወፍሮ «አለ፣ ይተርፋል» አለ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ እጠብቃለሁ። ዝንጀሮዎቹ በግራ እየመጡልኝ ነው። በገዛ እግራቸው! ግልገሉም እናቱም።»

«ማን ነዳቸው?»

«ማንም! የቀበሮ ብልሃት ነዋ። በአቧራም በጭጋግም የሚከተሉት የአለቃቸውን ነጭ ጋማ አልነበር? እሱን አስጠቁራ አጠፋችባቸው። እኔ ግን የሚያስቀኝ ሽማግሌው ነው። ያንን የመሰለ ፋኖስ አንገቱ ላይ ይዞ ጥላሸት ይቀባዋል? እንዲህ ያለ ሞኝ አይተህ ታውቃለህ?»

«አሁን አየሁ» አለ ሸንቁጥ።

«ቀበሮ ‹ሁሉም እስኪገቡ ጠብቅ› ብላኛለች። መጠበቅ ግን ሆዴን ያመኛል። ልሂድና አንዱን ልቅመስ።»

«ሞራውስ?» አለ ሸንቁጥ ፈጥኖ። «ማዶ፣ ከትልቁ ድንጋይ ሥር ቀብሬዋለሁ። የላም ሙሉ ሞራ ነው። ቀበሮ ሳትሰማ ብትቀድም ይሻልሃል።»

አያ ጅቦ ሌላ አልጠየቀም። እያነከሰ ወደ ማዶ ሮጠ፤ ወዲያውም ድንጋይ ሲቧጠጥ ተሰማ።

ሸንቁጥ ብቻውን ቀረ። እጁን ወደ ጋማው ሰደደ። አምስት በጋ ሙሉ ከኋላው የመጡት ጉልበቱን አይተው አልነበረም። እሱ አቧራ ነው ብሎ ሲያራግፈው የኖረውን ነገር አይተው ነበር።

ከኩሬው ዳር የእንዶድ ቁጥቋጦ አለ። ፍሬው ሲቀጠቀጥ አረፋ እንደሚያወጣ፣ ሰዎችም ልብስ እንደሚያጥቡበት ከገደሉ ላይ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቷል። ፍሬውን ሸመጠጠና እጁን በአየር ላይ አቆመው። ካጠበው ጎረምሶቹ ሁሉ ያዩታል። አንዳርጌ ነገ ቦታውን ሊጠይቀው ይችላል፤ የአባቱ ዳር መቀመጫ ይጠብቀዋል። ካላጠበው ግን ማንም የሚጠይቀው አይኖርም፣ መንጋው ራሱ አይኖርምና።

ፍሬውን በድንጋይ ቀጠቀጠው። ፈተገ፣ አለቀለቀ፣ እንደገና ፈተገ። ጥቁር አረፋ ኩሬውን ሸፈነው። ዓይኑን አቃጠለው፣ ቆዳው ተላጠ፤ አላቆመም። ሁሉም ለቀቀ ለማለት አልችልም፤ ከግራ ጆሮው ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ለብዙ ቀን እንደቆየ ይነገራል። ከዚያ እየሮጠ ወደ መንታው መንገድ ወጣና ከቋጥኙ ላይ ቆመ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ተከታዮቹ አዞረ።

ምንም አይታይም ነበር። ዓለም ሁሉ ቀይ ጭለማ ነው። ሸንቁጥ አልጮኸም። እርጥቡን ጋማ ነፋሱ እስኪያደርቀው፣ እያንዳንዱ ጠጉር ለየብቻው እስኪቆም ጠበቀ። ያን ጊዜ አቧራው በአንድ በኩል ሳሳና ከምዕራብ አንዲት የፀሐይ ጨረር እንደ ጦር ገብታ ጋማውን ነካችው።

ጋማው በራ። ከውጭ የመጣ ብርሃን ሳይሆን ከውስጡ የተቀጣጠለ ይመስል ነበር። ቋጥኙ ጠፍቶ፣ ዝንጀሮው ጠፍቶ፣ በቀዩ ጭለማ መካከል ነጭ እሳት ብቻ ተንጠልጥሎ ታየ።

በአቧራው ውስጥ እየዳሰሰ ወደ ግራው ሸለቆ ሊገባ አንድ እርምጃ የቀረው መንጋ ቆመ። መጀመሪያ አንድ ግልገል ዞረ። ከዚያ እናቱ። ከዚያ ሁሉም። ሸንቁጥ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ከአቧራው ውስጥ ዓይኖች ሲበሩ አየ፤ ሁለት፣ አሥር፣ ከዚያ ሊቆጥራቸው የማይችላቸው፣ ሁሉም ወደ እሱ። አምስት በጋ እነዚህ ዓይኖች ከኋላው ነበሩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላያቸውም።

«እማዬ፣ ያ ምንድን ነው?» አለ ግልገሉ።

«አባትህ ነው» አለች ደብሪቱ። «ተመስገን፣ መጣልን።»

አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በቋጥኙ ሥር እያለፉ ወደ ቀኝ ታጠፉ። ሸንቁጥ እያንዳንዱን በዓይኑ ቆጠረ። የመጨረሻው አንዳርጌ ነበር፤ እናቱ የደከመችበትን አንድ ግልገል አዝሎ ከኋላ ቀርቷል። ቋጥኙ ሥር ሲደርስ አንጋጠጠና ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ያ ብርሃን እርስዎ ነዎት?»

«ብርሃን አይደለም፣ ሽበት ነው» አለ ሸንቁጥ። «እለፍ፤ ልጁን አጥብቀህ ያዘው።»

አንዳርጌ ግንባሩን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ አለፈ። ከመንጋው አንድም አልጎደለም። አያ ጅቦም ማዶ የሌለ ሞራ ሲቆፍር መሸበት።

የመቀቢያው ስምንተኛ ቀን ሲደርስ እሜቴ ቀበሮ የቅል ስባሪዋን ይዛ መጣች። ከሩቅ ገደሉን ስታይ ነጩ ጋማ ከጫፉ ላይ ተቀምጧል፤ ደብሪቱ ትለቅምለታለች፣ ጎረምሶቹም ተራ እየጠበቁ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ቀበሮ ቅሏን ጥላ በመጣችበት ተመለሰች። ሸንቁጥም ከዚያ በኋላ ጋማውን አንድ ጊዜ እንኳ አልቀባም።

የጋማውን ንጣት ተራቾች ያጋነኑት መስሎኝ ነበር። ኋላ ስለ አራዊት የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄ እንዳረጋገጥሁት ግን፣ የበረሃው ዝንጀሮ ወንዱ በወጣትነቱ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ሆኖ፣ ሲጎለምስ በእርግጥም ጋማው እንደ ብር ይነጣል።

ከዚህ የምንማረው፣ ዕድሜ በላያችን ያኖረውን ነጭ እኛ እንደ ነውር ብንሸፍነውም፣ ከኋላችን ለሚመጡት ግን መንገድ የሚያዩበት ብርሃን ሊሆን እንደሚችል ነው።