በየቤቱ የቀረበው ሣር

በእኛ ዱር ሥርዓት አለ። ወንዙ ዳር ያለው ለምለም መስክ የአንበሳ ነው። አንበሳ ሣር ስለማይበላ መስኩን የሚጠብቅለት ጅብ ነው፤ ጅብም ሣር ስለማይበላ በሌብነት የሚያማው የለም። ከመስኩ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ ሣር የሚበሉት ይኖራሉ። እዚያ ሣር የለም።

እኔ ሚዳቋ ነኝ፤ የጉባኤው ጸሐፊ። ፊደል በመቁጠሬ ከመስኩ ጫፍ ጥቂት እንድግጥ ተፈቅዶልኛል። በሰፊ ጉባኤ መናገር አልችልም፤ ድምፄ ይንቀጠቀጥብኛል። ለመጻፍ ግን አልፈራም ነበር ማለት እፈልጋለሁ፤ እሱም እውነት አይደለም። ይህን ነገር ስድስት በጋ ደብቄዋለሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረና ቆለኞች እስኪዘንብ ድረስ መስኩ እንዲከፈትላቸው ለመኑ። አንበሳ ክፉ አልነበረም፤ ክፉ መሆን የሚያስፈልገው ጊዜ አልገጠመውም።

“በወሬ አልፈርድም” አለ። “አንዱ ወርዶ በዓይኑ አይቶ ይምጣ። ሚዳቋ፣ አንቺ ሂጂ። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።”

ስወጣ ጅብ በሩ ላይ ጠበቀኝ። “እመት ሚዳቋ፣ መንገዱ ሩቅ ነው” አለኝ። “እነዚህ እግሮችሽ ደግሞ እንዴት ያምራሉ!” በመንገዱ ሁሉ ስለ እግሮቼ ሳስብ ሄድኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ጥንቸል ቤት ነበር። “ኧረ ግቢ፣ ግቢ! ምነው በዚህ ፀሐይ!” ብላ አንድ እስር ሣር ፊቴ አኖረች።

“ልጆቹስ?” አልኳት።

“እነሱማ አሁን ጠግበው ነው። ብይልኝ፣ በሞቴ!”

ልጆቹ ጥጉ ላይ ተደርድረው አፌን ያዩ ነበር። እንዳይከፋት ከዳሩ አንዴ ገመጥኩና ተነሳሁ። ከርከሮ ቤትም እንዲሁ አንድ እስር ሣር ቀረበልኝ፤ ጠግቤአለሁ አልኩ። ሦስተኛው ቤት የአያ አህያ ነበር። ከሩጫ እንደመጣ ሁሉ እያለከለከ ተቀበለኝና ሣሩን አስቀመጠ።

ከዳሩ ላይ ተገምጧል። የታች ጥርሴ አንዱ ወልጋዳ ነው፤ የጥርሴን ምልክት የትም አውቀዋለሁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በቆላ እንግዳን አፉን ሳያስነኩ መሸኘት ነውር ነው። ለመንደሩ የቀረው ይህ አንድ እስር ብቻ ስለሆነ፣ እኔ በደጅ ስሄድ እነሱ በጓሮ እያሯሯጡ ሲያስቀድሙት ቆይተዋል። ቀና ስል አያ አህያ እያየኝ ነበር። ማወቄን አወቀ።

“ብይ እንጂ፣ እመት” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እምቢ ብል ማወቄን መናገሬ መሰለኝ። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ጨርሼ በላሁት።

በጉባኤው ፊት አንበሳ ጠየቀኝ፤ “አየሽ?”

“አየሁ፣ ጌታዬ።”

“ሣር አላቸው?”

ጅብ ከዙፋኑ ኋላ ቆሞ እግሮቼን ያያል።

“በገባሁበት ቤት ሁሉ ሣር ቀርቦልኛል” አልኩ።

አንድም የሐሰት ቃል አልነበረበትም። አንበሳ ደስ አለው። “ይኸውላችሁ! ወርዶ በዓይን ማየት እንዲህ ነው” አለ። መስኩ ተዘግቶ እንዲቆይ፣ ከእንግዲህም ስለ ቆላ የሚወጣ ደንብ ሁሉ በዚህ ጉብኝት ላይ እንዲመሠረት ታዘዘ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከወር በኋላ አያ አህያ ብቻውን ዳገቱን ወጥቶ መጣ።

“ጌታዬ፣ ጥንቸል ከነልጆቿ አልቃለች” አለ። “ከርከሮም ከወደቀበት አልተነሳም።”

“ሣር ነበራችሁ። ጸሐፊዬ አይታለች።”

“ያ ሣር አንድ እስር ነበር። ከቤት ቤት ያዞርነው እኛው ነን።”

ጉባኤው ሳቀ። አንበሳ ግን አልሳቀም። “ታዲያ ችግራችሁን ለምን ደበቃችሁ?” አለው።

“እንግዳ መጣችብን ብለን ነዋ፣ ጌታዬ። ዳኛ መሆኗን ማን ነገረን?”

“አያ አህያ” አለ ጅብ እየሳቀ፣ “ብዙም አልከሳህም እኮ። ሥጋ በማወቅ መቼም ማን ይበልጠኛል?”

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። አንበሳ መዳፉን አነሳ።

“ምስክር አለህ?” አለ አህያን። “ያ ሣር አንድ እስር መሆኑን የሚያውቅ፣ ከቆላ ያልሆነ ምስክር? ካለህ መስኩ ዛሬውኑ ይከፈታል።”

“አለኝ” አለ አያ አህያ።

ስሜን አልጠራም። ዞሮም አላየኝም። ቤቱ ገብቼ የበላሁ እንግዳው ነበርኩና በአደባባይ ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጠበቀኝ። ጉባኤው ሁሉ ጠበቀ። የጅብ ትንፋሽ ከኋላዬ፣ ከቁርጭምጭሚቴ አጠገብ ይሞቀኛል። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

አንበሳ ብዙ ከጠበቀ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። “ጻፊ” አለኝ።

“ምን ብዬ ልጻፍ፣ ጌታዬ?”

“የሆነውን።”

“ምስክር አልቀረበም” ብዬ ጻፍኩ።