ሁለት ጉልበት ያላት መኪና

አንድ ሰው ነበረ፤ ማታ ማታ መኪናውን እንደ ስልክ ሶኬት ላይ ሰክቶ የሚተኛ። መኪናዋ በኤሌክትሪክም በቤንዚንም የምትሄድ ትልቅ መኪና ነበረች። ሰውየው በእሷ እንዴት እንደሚኮራ አትጠይቂኝ። ጎማዋን ሲወለውል ሚስቱ ባየችው ቁጥር፣ «ለእኔ እንዲህ አጎንብሰህ አታውቅም» ትለው ነበር።

«ጉልበት እያለኝ ሌሎች የሚሸከሙትን ለምን አልችልም? ሰነፍ ሆኜ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፣ ልጄ። አልዘነጋሁትም፤ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ግን ይህን ሰው ከሚጠብቀው ዳገት ላውጣው።

በሰውየው ሰፈር እድሩ አንድ ተሳቢ ነበረው። ሰው ሲሞት ድንኳኑና የድንኳኑ ብረት፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእሱ ተጭኖ ለቅሶ ቤት ይደርሳል። ለብዙ ዘመን የጎተተው የአንድ ጎረቤት አሮጌ ፒክአፕ ነው። ጎረቤቱ ሰፈር ሲለቅ ተሳቢው የሚጎትተው አጥቶ ቆመ። የእድሩ ዳኛ በስብሰባ ላይ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» ሲሉ ሰውየው ብድግ አለና፣ «እኔ እያለሁ?» አለ አፉን ሞልቶ። ሰው ሁሉ መረቀው። ምርቃት ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ደረትን ያስነፋል።

መኪናዋን የሸጠለት ሰው ግን አንድ ነገር ነግሮት ነበር። «ይቺ በቤንዚን ብቻ ከምትሄደው እህቷ ያነሰ ነው የምትጎትተው፤ አደራህን!» ብሎታል። ሰውየው ሳቀ። ሁለት ጉልበት ያላት እንዴት ከባለ አንዱ ታንሳለች? ነገሩ አልገባውም፤ ያልገባውንም ነገር እንደሌለ ቆጠረው። ይሄ የብዙዎቻችን በሽታ ነው።

ለመጎተቻ የሚሆነውን ብረትና ጋንቾ ገዝቶ አመጣ። ሚስቱ «ሜካኒክ ጥራ እንጂ» ብትለው «ለገዛ መኪናዬ?» አላት። ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ኬሻ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሞኝ እንዳይመስልሽ፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። በክሪክ ካነሳት በኋላ ክሪክ አይታመንም ብሎ ወፍራም ግንድ ደገፈባት። የኋላውን ፓራውልት ሳይቧጭር ፈታ፤ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ከማንጠልጠያው አላቆ ዝቅ አደረገ። ከሥር የተነጠፈውን የባትሪ ሳጥንም ያኔ አየው፤ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ወንበር የተዘረጋ፣ አንድ አልጋ የሚያህል። «አቤት ጉልበት!» ብሎ በእጁ መታ መታ አደረገው።

«ብርቱካንማውን ገመድ እንዳትነካ!» አለች ሚስቱ ከላይ። በእሱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሰው የሚገድል መሆኑን ሰምታለች።

«እጄን ሰብስቤያለሁ። አንቺ ብረቱን ያዢልኝ!»

«ይዤዋለሁ እኮ! ቶሎ በል፣ ክንዴ አለቀ!»

ብረቱ ሻንሲው ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር ልክ ሲገጥም ሁለቱም እኩል «እሰይ!» አሉ። ብሎኑን እስኪያልበው ድረስ አጠበቀ፤ የተሳቢውንም የመብራት ገመድ አገናኘ። ፍሬን ሲረግጥ ሚስቱ ከኋላ «በራ!» ብላ ጮኸች። ያን ቀን ሰውየው ግራሶ በነካው እጁ ምሳውን ሲበላ ከእሱ የተደሰተ ሰው በከተማው የነበረ አይመስለኝም። ደስታውም የተገባ ነበር፤ የገጠመው ነገር በወጉ ተገጥሟል።

ክረምት ገባ። ከሰፈሩ በላይ ካለው ዳገት ራስ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አረፉ። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ባልቴቷና ለቀስተኛው ደጅ ተቀምጠዋል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ድንኳኑ ከዝናቡ መቅደም አለበት። እድርተኛው ተሳቢውን ጫነው። በእድር ላይ «ይብቃ» የሚል ሰው የለም፤ ድንኳኑ ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ድስት፣ ድስቱ ውስጥ ደግሞ ሳህን። «ፒክአፑ ይህን ሁሉ ይጎትት አልነበረም እንዴ?» ይባባላሉ። ሰውየውም ተሳቢውን ጋንቾው ላይ አያያዘው፤ «እኔ እያለሁ» ያለ ሰው እንዴት «በዛ» ይላል?

መኪናዋ ሜዳው ላይ ደህና ሄደች። ዳገቱን ስትጀምር ግን ኋላዋ ተቀመጠ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ፣ መሪው በእጁ ላይ ቀለለበት። ሞተሩ ጮኸ፤ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ቀይ መብራት በራ። ከዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች። በእግር የተከተሉት እድርተኞች ጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቁ። ሰውየው ወርዶ ከኋላ አየ። ጋንቾው አልተነቃነቀም፤ አንድ ብሎን እንኳን አልላላም። ላብ አጠመቀው። ዝቅ ብሎ ከሥሯ ሲመለከት ያ አልጋ የሚያህል ሳጥን ታየው። ያኔ ገባው። ጉልበት ያለው ሳጥን ራሱ ሸክም ነው። ፒክአፑ ባዶውን መጥቶ ነበር ተሳቢውን የሚስበው፤ ይቺ ግን ማንም ምንም ሳይጭንባት በፊት ተጭናለች፤ ያንንም አንድ ቀን አውርዳው አታውቅም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የወደድኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ ወንበሩንና ድስቱን መንገድ ዳር ማውረድ ጀመረ።

«ኧረ ተው! ሰው ምን ይላል?» አለው አንዱ እድርተኛ።

«ሰው የሚለውን ድንኳኑ ከቆመ በኋላ እሰማለሁ» አለ።

መኪናዋ ድንኳኑንና ብረቱን ብቻ ይዛ ዳገቱን ወጣች። የመጨረሻው ገመድ ሲታሰር ዝናቡ ወረደ፤ ባልቴቷ ጠብታ ሳይነካቸው ከሥሩ ተቀመጡ። ሰውየው ተመልሶ ሌላውን አመጣ። እፍረቱን ይዞ ሲገባ የእድሩ ዳኛ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት፤ «ግባ፣ በስብሰሃል» አሉት። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰፈር ድንኳን በሁለት ምልልስ ይደርሳል፤ ዘግይቶም አያውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ሕሊና። ሰው የሚያየው ትምህርትሽንና ወጣትነትሽን ነው፤ ስለዚህ በማኅበሩም በሰፈሩም «እሷ ትችላለች» እያለ ይጭንብሻል። አልጋ የያዘውን ወንድምሽን ሌሊት ስታገላብጪ ያየሽ የለም። አንቺም የሆድሽን በሆድሽ ይዘሽ፣ ከሌላው እኩል ስላልሮጥሽ ራስሽን ትወቅሻለሽ። ወንድምሽን አውርጂው አልልሽም፤ ብልሽም አትሰሚኝ። ነገር ግን ሰው ሸክም ሲያቀርብልሽ ወንድምሽንም ጨምረሽ መዝኝ። ከዚያ «ይሄን እችላለሁ፣ ያንን አልችልም» በይ፤ ስትይም አንገትሽን አትድፊ። ሰነፍ አይደለሽም፣ ልጄ፤ ከቤትሽ የምትወጪው ተጭነሽ ነው።