በጅራቱ ያጠመደው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ዙሪያውን ደንገል በከበበው ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ አውሬዎች ማኅበር ነበራቸው። የማኅበሩ አለቃ አንበሳ ነው። አንበሳ በዕድሜው ዓሣ ይዞ አያውቅም፤ ውሃ ጎፈሬውን ከነካው ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ሐይቁ ዳር ባለው ዋርካ ሥር ተጋድሞ «ዛሬ ዓሣው አኩርፏል» እያለ ማዘዝ ነው ሥራው። ቀበሮ ደግሞ የለየለት አጥማጅ ነው። የሚይዘው ዓሣ ስንዝር አይሞላም፤ ያመለጠው ግን ሁልጊዜ የበሬ ያህላል። እመት አህያ ዓሣ የሚባል በአፏ አይዞርም፤ የምትመጣው ድስቱን ተሸክማ፣ ሣሯን እየነጨች ወሬ ልትሰማ ነው። በመጨረሻ አያ ጅቦ አለ። አያ ጅቦ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ አንዲት ዓሣ አልያዘም።

ዕድል የጠመመበት እንዳይመስላችሁ። ሐሜት አይሁንብኝ እንጂ ምክንያቱን የሐይቁ እንቁራሪት ሁሉ ያውቀዋል። አያ ጅቦ ማባበያውን፣ ያንን መንጠቆ ላይ የሚሰካውን ቁራጭ ሥጋ፣ ራሱ ይበላዋል! ሲባጎውን ይወረውርና ጥቂት ይቀመጣል። ከዚያ ሆዱ ያጉረመርማል። «እንዲያው ይሄ ሥጋ ውሃ ውስጥ ተበላሽቶ ይሆን?» ይላል። ይስበዋል፣ ያሸተዋል፣ ዋጥ ያደርገዋል። ማታ ባዶ መንጠቆውን እያወዛወዘ ይመለሳል።

የማኅበሩ ደንብ ግልጽ ነው። ዓሣ የያዘ ለድስቱ ቆርሶ ይሰጥና የቀረውን ይዞ ቤቱ ይገባል። መንጠቆው ያወጣለትን፣ ጉቶም ይሁን ጉርጥ፣ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ባዶውን የመጣ ድስት ያጥባል። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ድስት አጣቢው ማን እንደነበር አልነግራችሁም። በምላሱ ስለሚያጥበው ድስቱ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

አንድ ማታ አንበሳ ጅቡ ድስቱን ሲልስ አየውና ተነፈሰ።

«አያ ጅቦ፣ መቼም ጠልቼህ አይደለም። ግን ነገም ባዶህን ከመጣህ ከማኅበሩ ትወጣለህ። ቦታህን ለቀበሮ አማች እሰጠዋለሁ።»

«ድስቱንስ ማን ሊያጥበው ነው?» አለ ጅቡ፣ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ።

«አማቼ ሆዬ ዓሣ ነው የሚይዘው» አለ ቀበሮ፣ ጺሙን እየላሰ።

አያ ጅቦ ደነገጠ። የሚግጠውን አጥንትስ ጫካም ሄዶ ያገኘዋል። ግን እዚያ «አያ ጅቦ፣ ዛሬስ ስንት ማባበያ በላህ?» ብሎ የሚያሾፍበት ማን አለ? ይሄ ሳቅ፣ ይሄ ጨዋታ ሊቀርበት ነው። ጆሮው ወደቀ።

ቀበሮ ጠጋ አለው። «አይዞህ ወንድሜ። አንድ ብልሃት ልንገርህ? ማባበያህን ቶሎ ቶሎ እያወጣህ ቅመሰው። ዓሣ የሸተተ ሥጋ አይወድም።»

«ተባረክ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለ ጅቡ።

እመት አህያ ይህንን ሁሉ ጆሮዋን ቀስራ ስትሰማ ነበር። ቀበሮ እስኪሄድ ጠበቀችና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አያ ጅቦ፣ እዚያው ቁም! አትጠጋኝ። ልመክርህ ነው።»

«እኔ እኮ ወዳጅሽ ነኝ እመት አህያ።»

«ወዳጄስ ነህ፤ ግን ለሃጭህ ይንጠባጠባል። ስማኝ። ነገ ሲባጎህን ጅራትህ ላይ አስርልሃለሁ። ጀርባህን ለሐይቁ ሰጥተህ ትቀመጣለህ። ጅራትህ እስኪጎተት ድረስ የራስህን ማባበያ አታየውም፣ አትነካውም። ማልልኝ!»

«እናቴ ትሙት! የራሴን ማባበያ አልነካም!»

ሲነጋ እመት አህያ ሲባጎውን በጥርሷ ጥብቅ አድርጋ ጅራቱ ላይ ቋጠረችለት፤ ስትቋጥር ግን አንድ ዓይኗ ከአፉ አልተነሳም። አያ ጅቦም መንጠቆውን ከነሥጋው ውሃው ውስጥ ጥሎ ጀርባውን ሰጠና ደንገሉ መሃል ጉብ አለ። ሆዱ አጉረመረመ። «ዝም በል» አለው ሆዱን። ደመናውን አየ፣ ዝንቡን አየ፣ የገዛ እግሩን አየ። ወደ ኋላው ግን አልዞረም። እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

ከፊቱ፣ ደንገሉ ጅቡን በጋረደበት በየብሱ በኩል፣ ቀበሮ ሌላ ነገር ያሰላል። «ጅቦ ከሚቀመጥበት ቦታ ዓሣ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ ዓሣው ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል ማለት ነው» አለና ትኩስ የፍየል ጉበት መንጠቆው ላይ ሰክቶ ወደ ጅቡ ውሃ ወረወረ። ግን ችኩል ነውና አሳጥሮ ወረወረው። ጉበቱ ጠብ ያለው አያ ጅቦ አፍንጫ ሥር ነው።

አያ ጅቦ ጉበቱን አየው። ማለ እንዴ? አዎ ምሏል። ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየና ፊቱ በራ። «የማልኩት ስለ ራሴ ማባበያ ነው። ይሄ የኔ አይደለም!»

ዋጥ! መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ተሰካ።

«ያዝኩ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ ከማዶ። «ድረሱልኝ ጎበዝ! የዚህን ሐይቅ አባት ነው የያዝኩት!»

አንበሳ እንኳ ከዋርካው ሥር ዘሎ ተነሳ። እመት አህያ ሲባጎውን በጥርሷ ያዘች። ሁሉም መጎተት ጀመሩ።

«ይጮሃል እኮ!» አለች አህያ፣ ሲባጎው አፏ ውስጥ እያለ።

«ትልቅ ዓሣ ይጮሃል! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለ ቀበሮ። «ማንም ይገባኛል እንዳይል! መንጠቆው የኔ፣ ሲባጎው የኔ፣ የሚወጣውም የኔ! ዛሬ ይዤው ቤቴ ካልገባሁ ቀበሮ አትበሉኝ!»

አያ ጅቦ ግን ጭንቅ ላይ ነው። ከፊት ከንፈሩን ይስቡታል፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ነገር ጅራቱን ይጎትተዋል። መሃል ቤት ሊበጠስ ደረሰ። በመጨረሻ የሦስቱ ጉልበት በለጠና ደንገሉን ደረማምሶ በሆዱ እየተንሸራተተ ወጣ።

ከዚያ አንበሳ የዋርካው ቅጠል እስኪረግፍ ሳቀ።

«የሐይቁ አባት እንዴት ዋልክ?» አለው፣ መንጠቆውን ከከንፈሩ እያላቀቀለት።

እመት አህያ ግን የምታየው ወደ ኋላ ነው። «ኧረ ጅራቱን እዩ!»

ጅራቱ ጫፍ ላይ ትልቅ አምባዛ፣ ሪዙ የአንበሳን የሚያስንቅ፣ ጭቃው ላይ ይንፈራገጣል። ለካ አያ ጅቦ የሌላውን ማባበያ ሲውጥ የራሱን ማባበያ ረስቶት ኖሯል። ያልተነካው ሥጋ ዓሣ ያዘ።

ቀበሮ ቀደም አለ። «የያዝኩትን ተከትሎ የመጣም የኔ ነው። ጅቡም የኔ፣ አምባዛውም የኔ!»

«ቆይ እንጂ!» አለች እመት አህያ። «ይሄ ጅራቱ ላይ ያለው የጭነት ቋጠሮ ነው። ዕድሜ ልኬን ጎኔ ላይ ሲቋጠር የኖረ ነው፤ ከኔ በቀር እዚህ ማን ያውቀዋል? ራሴ ነኝ የቋጠርኩለት፤ ሲባጎው የአያ ጅቦ ነው።»

አንበሳ ጎፈሬውን ነቀነቀ። «እንግዲህ አምባዛው የአያ ጅቦ ነው። ቦታውም ቦታው ነው።»

«ጅቡስ?» አለች እመት አህያ፣ ምንም እንደማታውቅ ሆና።

«ጅቡማ በቀበሮ መንጠቆ ነው የተያዘው። ያወጡትን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ይዞት ቤቱ ይገባል፣ ያበላዋል፣ ያሳድረዋል።»

አያ ጅቦ ፊቱ በደስታ በራ። «ቤትህ ምን አለ ወንድሜ? ራት አደረሳችሁ?»

ቀበሮ ጓዳውን አሰበ። እዚያ የሰቀለውን ቋንታ አሰበ። ላብ አጠመቀው። «ተውኩት! ምንም አልያዝኩም! ባዶውን መጣ በሉኝ!»

«እንግዲያው ድስቱ እዚያ አለልህ» አለ አንበሳ፣ ወደ ቦታው ተመልሶ እየተጋደመ።

ያን ማታ ሁሉም አምባዛውን እየበሉ፣ እመት አህያም ሣሯን እየነጨች፣ ሲያሾፉ አመሹ። ቀበሮ ድስቱን እንደ ጅቡ እንዲያበራ ማድረግ አቃተውና በዚያም ተሳቀበት። አያ ጅቦ ከድርሻው ለነገ ማባበያ የምትሆን ቁራጭ አስቀረና እንዳያያት ቶሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«እመት አህያ፣ ነገም ትቋጥሪልኛለሽ?»

«እቋጥርልሃለሁ» አለች። «ግን እዚያው ቁም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለትልቁ ነገር ብለን ያስቀመጥነውን ትንሽ ነገር ቶሎ ቶሎ እያወጣን ካልቀመስነው፣ ጀርባችንን ሰጥተን ሳለን ትልቁን ይዞልን እንደሚመጣ ነው።