በሞቴ ግቢ

አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከገበያ ስትመለስ፣ የአገሩ ሀብታም አቶ ልጅዓለም ከሠርግ ሲመጡ መንገድ ላይ አገኟትና በመኪናቸው አሳፈሯት። ብዙም ሳይሄዱ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገባች። እሳቸውን ጭረት እንኳ አልነካቸውም፤ የሴትየዋ እግር ግን ተሰበረ። እሷም «ሰክረው ሲነዱ ሰበሩኝ» ብላ ካሳ እንዲከፍሏት ከሰሰቻቸው።

አቶ ልጅዓለም ሰላምታ እንኳ በእጃቸው ጫፍ የሚሰጡ ሰው ናቸው። አዲስ ሱፋቸውን ለብሰው ችሎት ቀረቡ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ያን ቀን ጠብታ አልቀመስኩም። ጥፋቱ የመንገዱ ነው» አሉና ወደ ሴትየዋ ዞሩ። «ስጠጣ አይተሽኛል?»

«አላየሁም።»

«እሺ፣ አረቄ አረቄ ሸተትኩሽ?»

«አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ታቅፌ ሌላ ምን ይሸተኛል፣ ጌታዬ።»

ችሎቱ ሳቀ። አቶ ልጅዓለምም ደስ አላቸው። «ታዲያ መስከሬን በምን አወቅሽ?»

ሴትየዋ በክራንቿ ተደግፋ ተነሳች።

«እሱ ይቆየንና፣ ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ከነቅቤዬ ቤቴ ድረስ ያደርሱኛል?»

«እኔ? አብደሻል እንዴ? ሹም የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቅቤ ላስንጠባጥብ?»

ሴትየዋ ወደ ዳኛው ዞረች።

«ይኸው ጌታዬ ዳኛ፣ ሳይጠጡ እንዲህ ናቸው። ያን ቀን ግን ከመኪናቸው ወርደው፣ የቅቤ ቅሌን በራሳቸው አናት ተሸክመው፣ ‹በሞቴ ግቢ፣ እናቴ› እያሉ ሲለምኑኝ ነው የገባሁት።»