ግድግዳው ገና አልደረቀም

ግንባታ ላይ የምትሠራ አንዲት ሴት በአርማታው አካፋ ጀርባ ላይ የደረቀ ግራጫ ሲሚንቶ ያየችው አርማታው ፈስሶ ካለቀ በኋላ ነው።

ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ለሌላ ሕንጻ ምንም የለውም። ይህ ግን የከተማው አዲስ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በነጭ ሲሚንቶ የሚሠራ፣ ቀለም የማይቀባ፤ ግራጫ ከገባበት ያስታውቃል። አርማታው የፈሰሰበት ሳንቃ ሲነሳ የሚታየው ያው የግድግዳው የራሱ መልክ ነው። አካፋውንና ሌላውን የሥራ ዕቃ አጥቦ ማቅረብ ደግሞ የእሷ ሥራ ነበር። ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው።

እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ሳንቃው ሲነሳ ግድግዳው ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ፤ እዚህ ጠቆር፣ እዚያ አመድማ። አለቀልኝ አለች። ማንም ሳያያት የሽቦ ብሩሽ አንስታ መፈተግ ጀመረች።

ፎርማኑ ጋሽ ተካልኝ ከኋላዋ መጡ።

"ምን አደረገሽ ይሄ ግድግዳ?"

"አበላሸሁት ጋሼ። አካፋው አልጠራም ነበር። ሳልባረር ላስለቅቀው ብዬ ነው።"

ጎንበስ ብለው አዩት። "የአካፋው ይቺ ነጥብ ናት፤ ዝንብ ያረፈችበት ነው የሚመስለው። ሌላው ውሃ ነው፣ እርጥብ ነው እኮ። ትናንት የተወለደን ልጅ ዛሬ ፊቱን ትፈትጊዋለሽ?"

"ይነጣል?"

"ይነጣል። ብሩሹን ስጪኝና ሂጂ ቁርስሽን ብዪ።"

እውነትም ሲደርቅ ነጣ። ነጥቧን ፈልጎ የሚያገኛት የለም። ብሩሹ ያረፈበት፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ግን ሻካራ ሆኖ ቀረ።

እናቶች፣ እኛስ በቤታችን ስንቱን ፈተግን? ልጁ አንድ ፈተና ወደቀ፤ አለቀልን አልን። ልጅቷ ሁለት ቀን ዝም አለች፤ የከፋውን ሁሉ አሰብን። የምንፈራው ስለምንወድ ነው። ግን ልጁ የሚያገኘው ፍቅሩን ነው ወይስ ብሩሹን? ያልደረቀን ልጅ ማን ነው ተበላሸ ያለው? እግዚአብሔር እኛን ዝንጉርጉር ሳለን ስንት ዓመት ታገሰን?

ዛሬ ማታ ልጃችሁ ቢያመሽ፣ መስኮት ላይ ቆማችሁ ስንት ዓይነት ሞት እንደምታስቡለት አውቃለሁ። ሲመጣ፣ የት ነበርክ የሚለው እስከ ነገ ይቆይ። ራቱን አሙቁለት። እስኪበላ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉም መግባታቸውን አይታችሁ፣ በሩን ቆልፉ።