የካምቢዮው ዝገት

«አንድ ሹፌር ነበረ» አሉ አያ ሽባባው።

አንጓች ግራ ገባት። እሷ የጠየቀቻቸው ስለ ሹፌር አልነበረም። ከእህቷ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል፤ እሁድ አያ ሽባባው ባሉበት ሽማግሌ ፊት ሊታረቁ ነው። «እንዲያው የድሮውን ነገር እዚያ መዘርገፍ ምን ይጠቅማል? ይቅር ለእግዜር ተባብለን አብረን ብንውል ብናድር፣ ጊዜ ራሱ አይፍቀውም ወይ?» ነበር ያለቻቸው።

«ሹፌሩን ምን አመጣው፣ አያ?»

«አታቋርጪኝ! ጠይቀሽኝ የለ? ስሚያ!» አሉና ቀጠሉ።

ሹፌሩ ከደጀን አዲስ አበባ እህል የሚያመላልስ ሰው ነው። ከጭነት መኪናው ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ታዲያ ከመኸር በኋላ፣ ሥራ በሚጦፍበት ሰሞን፣ የመኪናው ካምቢዮ፣ ማርሽ የሚቀያይረው የብረት ሳጥን፣ ተሰበረ። አዲስ ከየት ይመጣል? ዞሮ ዞሮ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ግቢ ያገለገለ ካምቢዮ አገኘ። ክፋቱ፣ ክረምቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ተጥሎ የከረመ ነው። የማርሽ ዘንጉ የሚገባበት አፉ ክዳን አልነበረውም፤ ዝናብ ገብቶበታል።

መካኒኩ ባትሪ አበራና ወደ ውስጥ አየ። ከታች ዘይት ውስጥ የተነከሩት ጥርሶች ደህና ናቸው፤ ከዘይቱ በላይ የቀሩት ግን ዝገት ለብሰዋል። «ይሄ ሳይፈታ አይገጠምም» አለ። «አንድ በአንድ ፈትተን፣ በናፍጣ አጥበን፣ ዝገቱን አውጥተን፣ የተበላ ካለም ቀይረን ነው።»

ሹፌሩ ተቃጠለ። ነጋዴው በስልክ እየነዘነዘው ነው፤ ሌሎች መኪኖች ጭነው ሲያልፉም ያያል። ደግሞ የገበሬ ልጅ ነው፤ ብረት የሚያውቀው በማረሻ ነው። «ወንድሜ፣ ሥራ ፈትቶ የከረመ ማረሻ ዝጎ ይወጣል፤ ግማሽ ቀን ሲያርሱበት እንደ መስታወት ያበራል። ብረት የሚጠራው በሥራ ነው። ዘይት ሙላበትና ግጠምልኝ» አለ።

«ማረሻውማ ዝገቱን አፈር ላይ ጥሎት ይሄዳል። ይሄ የት ይጥለዋል? ዙሪያው ዝግ ነው።»

«አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ!»

በሰው ንብረት መካኒኩ ምን ያድርግ? ገጠመለት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ላይ የሠራው የሹፌሩ ቃል ነበር። ካምቢዮው ለጥቂት ቀን ተንገጫገጨ፣ አጉረመረመ፤ ከዚያ እየዋለ እያደረ ዝም አለ። ማርሹ ያለ ትግል ይገባ ጀመር። ሹፌሩ በጋራዡ በር ባለፈ ቁጥር ጥሩንባ እየነፋ መካኒኩን ያበሽቀዋል። ደስ ብሎታላ፤ ምን ያድርግ!

አንድ ቀን ሚስቱን ጋቢና አስቀምጦ፣ ጤፍ ጭኖ፣ የዓባይን ቁልቁለት ጀመረ። የጫነ መኪና ያን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ አይወርደውም፤ ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እየያዘለት ነው። መሃል ላይ ሲደርስ ማርሹ ተስፈንጥሮ ወጣ። መልሶ ሊያስገባው ታገለ፤ እምቢ አለ። መኪናው ተለቀቀ። ፍሬኑን ረገጠው፣ ረገጠው፤ ፍሬኑ መጨስ ጀመረ። በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ተራራ። ሚስቱ «እመቤቴ ድረሽ!» እያለች ትጮኻለች። መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘና ከቋጥኙ ጋር ተላተመ።

ከሞት ተረፉ። ግን ቋጥኙ በሚስቱ በኩል ነበር የመጣው፤ ክንዷ ተሰበረ። ዛሬም በደንብ አይታጠፍላትም።

መካኒኩ ካምቢዮውን ፈታው። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። እነዚያ የዛጉ ጥርሶች ጠርተው ያበራሉ! «ይኸው፣ አላልኩህም?» ሊል አፉን ከፈተ። መካኒኩ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አሻሸለት፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቆረቁራል። ከዚያ ኩሽኔታዎቹን አወጣ፤ ጥርሶቹን የተሸከመውን ዘንግ ደግፈው የሚያሽከረክሩትን ማለቴ ነው። ካምቢዮው ሲገዛ ዝገት ጨርሶ ያልነካቸው፣ እንከን ያልነበረባቸው እነሱ ነበሩ። ተበልተው አልቀዋል። ዘንጉ ደጋፊ አጥቶ ሲወዛወዝ ነው ማርሹ የወጣው።

አያ ሽባባው ወደ አንጓች ዞሩ።

«ጊዜ አይፍቀውም ወይ አልሽኝ። ይፍቀዋል፤ ለምን እዋሽሻለሁ? አንቺና እህትሽ አብራችሁ ስትውሉ ስታድሩ ቂማችሁ ከላያችሁ ይለቅ ይሆናል፤ ስትተያዩም ትስቁ ይሆናል። ግን ቤተሰብም እንደዚያ ካምቢዮ ዝግ ነው። የተፋቀው ውጭ አይወድቅም፤ እዚያው ውስጥ እየዞረ ምንም ያልበደለውን ይበላል። ሽማግሌ የሚቀመጠው ለምን መሰለሽ? ተፈትቶ እንዲታጠብ ነው እንጂ ወግ አምሮን አይደለም! እሁድ ‹ምንም የለኝም› እንዳትዪ። ‹እናታችን ስትታመም ብቻዬን ጥለሽኝ ቀረሽ› በያት፣ ፊት ለፊት። እሷም ያንቺን ትንገርሽ።»

«ያሳፍራል እኮ፣ አያ» አለች አንጓች አንገቷን ደፍታ። «ልጆቹ ይሰማሉ።»

«ልጆቹ?» የአያ ሽባባው ድምፅ ከፍ አለ። «ትናንት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የእህትሽ ልጅ ያንቺን ልጅ ልትስማት እየሮጠች መጣች። ልጅሽ ፊቷን አዞረችባት። በዓይኔ ነው ያየሁት። ያቺ ሕፃን ምን በድላት ነው፣ አንጓች?»